የንግድ አካባቢ ማሻሻያ ቀጠና፦ በመሃል አዲስ አበባ ለሚነግዱና ሕንጻ ላላቸው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአንድ ጎዳና ነጋዴዎችና ባለሕንጻዎች ገንዘብ አዋጥተው አካባቢያቸውን በቋሚነት የሚያጸዱበት፣ የሚያስጠብቁበትና የሚጠግኑበት አሠራር በብዙ የዓለም ከተሞች የቆየ ነው። ከዚህ በታች አሠራሩ በፒያሳ፣ በቸርችል ጎዳና፣ በሜክሲኮ፣ በስታዲየምና በካዛንቺስ ዙሪያ ቢሞከር ምን እንደሚመስል፣ ምን እንደሚያስፈልገውና የት ላይ እንደሚሰናከል በዝርዝር ተጽፏል።

ቀጠና ማለት ምንድን ነው? ከእድር በምን ይለያል?

በካርታ ላይ ወሰኑ የተሰመረ የንግድ አካባቢ ነው። በወሰኑ ውስጥ ያሉ ከፋዮች በድምጽ ብልጫ ከወሰኑ በኋላ ሁሉም፣ የተቃወመውም ጭምር፣ አስቀድሞ ለተጻፈ ሥራ፣ በታወቀ ስሌት፣ ለተወሰነ ዓመት ይከፍላሉ። ገንዘቡ የሚወጣው እዚያው ወሰን ውስጥ ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ‹ቢዝነስ ኢምፕሩቭመንት ዲስትሪክት› ይሉታል፤ ሲያሳጥሩት ‹ቢድ›።

ከእድር ጋር ብዙ ይመሳሰላል፤ መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። ልዩነቱ ግን መሠረታዊ ነው። እድር ላላዋጣ ሰው አገልግሎቱን መንፈግ ይችላል፤ ድንኳኑ አይተከልለትም፣ የተዝካሩ ድስት አይሰጠውም። የተጠረገ የእግረኛ መንገድ ግን ላልከፈለውም ተጠርጎለታል። መብራቱ በከፈለው ሱቅ ደጅ ብቻ ለይቶ አይበራም። ስለዚህ ከ60 ሱቅ 40ው ከፍሎ ሲጀምር 20ው በነጻ ይጠቀማል። በሁለተኛው ዓመት ከከፈሉት አንዳንዶቹ ‹እኔስ ምን በደልኩ?› ይላሉ፤ በሦስተኛው ዓመት የጠራጊዎቹ ደመወዝ ይቋረጣል። በፈቃደኝነት የተጀመሩ የጎዳና ጽዳትና ጥበቃ ሥራዎች የሚከስሙት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው፤ ሰዎቹ ስለሰነፉ አይደለም።

የቀጠናው የቅርብ ዘመድ የጋራ ሕንጻ ማኅበር ነው። የጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ለደረጃው፣ ለጣሪያው፣ ለግቢው የሚወጣውን የጋራ ወጪ እያንዳንዱ ባለቤት እንዲጋራ ያስገድዳል። ቀጠና ይህንኑ ሐሳብ ከሕንጻው ደጃፍ አውጥቶ እስከ መንገዱ ማዶ ይዘረጋዋል።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ከቶሮንቶ፣ ካናዳ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ብሎር ዌስት ቪሌጅ በሚባለው ሰፈር ነጋዴዎች ገበያቸው ወደ ትልልቅ የገበያ ማዕከላትና ወደ አዲሱ የምድር ባቡር መስመር ሸሸባቸው። በፈቃደኝነት ገንዘብ ለማሰባሰብ ሞከሩ፤ አልሆነም። ክፍያውን ለሁሉም አስገዳጅ የሚያደርግ ሕግ ይውጣልን ብለው ጠየቁ፤ ሕጉ ወጣና በ1970 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ቀጠና ተቋቋመ። ወደ አሜሪካ ከተሞች፣ በ1990ዎቹ ወደ ጆሃንስበርግ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. ወደ ኬፕታውን መሃል ከተማ ተሻገረ። በእንግሊዝ ሕጉ የወጣው በ2003 ሲሆን የመጀመሪያው ቀጠና በ2005 እ.ኤ.አ. በኪንግስተን ሥራ ጀምሯል። ለእኛ ከሁሉም የሚቀርበው የኬፕታውኑ ነው፤ ከጽዳትና ከጥበቃ ጎን ለጎን ጎዳና ላይ ለሚኖሩ ሰዎች የሚሠራ የማኅበራዊ ድጋፍ ክፍል አለው።

አዲስ አበባ ውስጥ በሕግ ማቋቋም ይቻላል?

ዛሬ የሚቻለው የፈቃደኝነቱ ነው። አንድ ነጋዴ በጎረቤቱ ላይ ክፍያ መጣል አይችልም፤ ታክስና የአገልግሎት ክፍያ የመጣል ሥልጣን የመንግሥት ነው። ክፍያው ‹አልፈልግም› ያለውንም እንዲያስገድድ ከተፈለገ የከተማው ምክር ቤት በሕግ ሊያውጀው፣ የገቢ መሥሪያ ቤቱም ሊሰበስበው ይገባል። በውጭው ዓለም የሚደረገውም ይኸው ነው። በኒውዮርክ የከተማው ፋይናንስ መሥሪያ ቤት ከንብረት ታክስ ጋር ሰብስቦ ለቀጠናው ያስረክባል። በእንግሊዝ የአካባቢው ምክር ቤት ይሰበስባል፤ ያልከፈለውን እንደ ንግድ ግብር ተከታትሎ ያስከፍላል። በኬፕታውን ከተማው ሰብስቦ በየወሩ ያስተላልፋል፤ ለማይሰበሰብ ዕዳ መጠባበቂያም 3 በመቶ ይይዛል።

እስከዚያው ያለው መንገድ ማኅበር አቋቁሞ ከአባላት ጋር የአገልግሎት ውል መፈራረም ነው። ውሉ ቢያንስ የሦስት ዓመት መሆን አለበት፤ በየወሩ የሚቋረጥ መዋጮ ሠራተኛ ለመቅጠር አያስተማምንም። ማኅበሩ ሕጋዊ ሰውነት ሳያገኝ አንድ ብር እንዳይሰበስብ አጥብቀን እንመክራለን። ሕጋዊ ሰውነት ከሌለ የባንክ ሂሳቡ በግለሰብ ስም ይከፈታል፤ ግለሰቡ ቢታመም፣ ቢከሰስ ወይም ቢሞት የጎዳናው ገንዘብ ከውርስ ንብረት ጋር ይደባለቃል።

የኮሪደር ልማቱ ሠርቶታል አይደል? ታዲያ ይህ ለምን ያስፈልጋል?

ከ2016 ጀምሮ በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በሜክሲኮ፣ በቦሌና በሌሎችም መስመሮች የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፤ የብስክሌት መስመር፣ መብራት፣ አረንጓዴ ቦታና የሕዝብ መጸዳጃ ተሠርቷል። መሥራትና መጠበቅ ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ በጀታቸውም ይለያያል። የተነቀለ ንጣፍ በሳምንቱ ካልተተካ በአጠገቡ ያለው ይላላል፤ በክረምት ውሃ ሥሩ ይገባና ሦስት ካሬ የነበረው ቀዳዳ አሥራ አምስት ካሬ ይሆናል። ለዓይነ ስውራን የተነጠፈው ጎርበጥ ያለ ቢጫ መስመር ላይ የሱቅ ማስታወቂያ ሰሌዳ ወይም ሞተር ሳይክል ከቆመ መስመሩ ሰውን ወደ ግድግዳ የሚመራ ወጥመድ ነው። እነዚህን በየዕለቱ የሚያይ፣ ‹ይህ የእኔ ሥራ ነው› የሚል ሰው መኖር አለበት። ቀጠናው የሚከፍለው ለዚያ ሰው ነው።

ማን ይከፍላል፤ ባለሕንጻው ወይስ ተከራዩ?

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ይህ ነው፤ የውጭውን አሠራር እንዳለ መገልበጥ የማይቻልበትም ምክንያት እዚህ አለ። በአሜሪካና በደቡብ አፍሪካ የሚከፍለው የንብረቱ ባለቤት ነው። በእንግሊዝ በአብዛኛው ቦታውን ይዞ የሚነግደው ይከፍላል። እኛ ዘንድ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ባለሕንጻው ሊዝ ወይም ነባር ይዞታ ነው ያለው። በዚያ ላይ የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ካስወረሰ ወዲህ በመሃል ከተማ ያሉ ብዙ ሱቆች የቀበሌ ወይም የዛሬው የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ናቸው። በአንድ ጎዳና ላይ የግል ሕንጻ፣ የአክሲዮን ማኅበር የገበያ ማዕከል፣ የቀበሌ ሱቅ፣ የኮርፖሬሽን ቤትና የባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ጎን ለጎን ይቆማሉ። ‹ባለቤቱ ይክፈል› ከተባለ የጎዳናው ግማሽ ለድርድር ሊቀመጥ የሚችል ባለቤት የለውም።

የእኛ አስተያየት ግልጽ ነው። መሠረቱ ቦታውን የያዘው ይሁን፤ የግል ሕንጻ ከሆነ ግን ክፍያው ለሁለት ይከፈል፣ ግማሹ በባለሕንጻው፣ ግማሹ በተከራዩ። ጎዳናው ሲያምር የሕንጻው ዋጋና ኪራይ የሚያድግለት ባለሕንጻው ነውና ያለ እሱ ተሳትፎ ሥራው ፍትሐዊ አይሆንም። ተከራዩ መልሶ ለሌላ ላከራየው ሱቅ ደግሞ ሂሳቡ የሚጠየቀው በንግድ ፈቃዱ ላይ አድራሻው የተጻፈው ሰው ነው፤ አለዚያ ሰብሳቢው በሦስት ሰዎች መካከል ሲመላለስ ዓመቱ ያልቃል።

ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና የመንግሥት ትምህርት ቤት ከክፍያ ነጻ ይሁኑ። መኖሪያ ቤቶችም እንዲሁ፤ በኒውዮርክ እንኳ ብዙውን ጊዜ በዓመት 1 ዶላር ብቻ ነው የሚከፍሉት። ነጻ የሆኑት ግን ከስብሰባው አይቀሩ፤ ሌሊት ጎዳናው ላይ ያሉት እነሱ ናቸው።

ክፍያዬ ስንት ይሆናል? እንዴትስ ይሰላል?

በእንግሊዝ ለግብር ከተገመተው የቦታው ኪራይ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይከፈላል። እዚህ ኪራይን መሠረት ማድረግ አያዋጣም፤ ውሉ ላይ የተጻፈውና በእጅ የሚከፈለው ሁልጊዜ አይገጥምም፣ ነጋዴውም ‹ኪራይህን አሳየኝ› የሚለውን ሰው በጥርጣሬ ነው የሚያየው። ሜትር ግን አይዋሽም። የወለል ስፋትን ለክቶ በፎቅ ማበላለጥ ይሻላል፤ ምድር ላይ ያለው በ1፣ 1ኛና 2ኛ ፎቅ በ0.5፣ ከዚያ በላይ በ0.25 ይባዛ። ውጤቱን ‹ነጥብ› እንበለው።

ስሌቱን ለማሳየት ያህል ብቻ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 400 ሜትር ርዝመት ያለው ጎዳና፣ በሁለቱም ጎን 160 ድርጅቶች አሉ እንበል። ምድር ላይ 6,000 ካሬ፣ 1ኛና 2ኛ ፎቅ 8,000 ካሬ፣ ከዚያ በላይ 12,000 ካሬ ቢኖር፣ ነጥቡ 6,000 + 4,000 + 3,000 = 13,000 ይሆናል። የዓመቱ በጀት 3,900,000 ብር ከሆነ አንዱ ነጥብ 300 ብር ነው። ምድር ላይ 30 ካሬ ሱቅ ያለው በዓመት 9,000 ብር፣ በወር 750 ብር ይከፍላል። 4ኛ ፎቅ ላይ 20 ካሬ ቢሮ ያለው 5 ነጥብ ስላለው በወር 125 ብር ይደርሰዋል።

አሁን የማይከፍል ሰው ዋጋን እንይ። ከነጥቡ 80 በመቶው ብቻ ቢከፍል፣ ያው ሥራ እንዲሠራ አንዱ ነጥብ 375 ብር መሆን አለበት። ባለ 30 ካሬው ሱቅ 11,250 ብር ይጠየቃል ማለት ነው፤ ጭማሪው 2,250 ብር ሙሉ በሙሉ የጎረቤቱ ዕዳ ነው። ይህን ስሌት በመጀመሪያው ስብሰባ በግድግዳ ላይ ለጥፉት። ‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ› የሚባለው እዚህ ላይ በብር ይታያል።

ድምጽ አሰጣጡ እንዴት ነው?

ሁለት ብልጫ ይጠየቅ፤ በራስ ቁጥርም (አንድ ድርጅት አንድ ድምጽ)፣ በነጥብም። የእንግሊዙ ሕግ ይህን ይጠይቃል። በራስ ቁጥር ብቻ ከሆነ ትንንሽ ሱቆች ተሰብስበው አንድ ባንክ ላይ ሸክሙን ይጥሉበታል። በነጥብ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሦስት ትልልቅ ሕንጻዎች ጎዳናውን ይወስናሉ። ከላይ ባለው ምሳሌ ከ160ው 100 ድርጅቶች ድምጽ ሰጡ፣ 62 ደገፉ፣ 38 ተቃወሙ እንበል። በቁጥር አልፏል። የደጋፊዎቹ ነጥብ 3,900፣ የተቃዋሚዎቹ 5,100 ከሆነ ግን ሐሳቡ ወድቋል፤ አዘጋጆቹ ተመልሰው ትልልቆቹን ማነጋገር አለባቸው።

ድምጽ መስጫው በወረቀት፣ በማኅተም ወይም በፊርማ፣ ቢያንስ ለ28 ቀን ክፍት ይሁን። እጅ በማውጣት የተወሰነ ነገር ገንዘብ ሲጠየቅ ይካዳል፤ በሰው ፊት ‹አይሆንም› ማለት የሚከብደው ብዙ ነው። ውሳኔው ከ5 ዓመት በላይ አይጽና። ዘመኑ ሲያልቅ ዳግም ድምጽ ይሰጣል፤ ያልረካ ሰው ቀኑን ስለሚያውቅ ቀጠናው ዓመቱን ሙሉ በትጋት ይሠራል። ወረዳው፣ ክፍለ ከተማው፣ በጎ አድራጊው መዋጮ በጠየቀ ቁጥር የሚከፍለውን ነጋዴ ከሁሉ በላይ የሚያስመርረው መጨረሻ የሌለው መሆኑ ነው።

ወሰኑን የት ላይ እናስምር?

ከ300 እስከ 600 ሜትር ያለ አንድ ጎዳና ለመጀመሪያ ይበቃል፤ አንድ ተቆጣጣሪ በሩብ ሰዓት በእግሩ የሚያዳርሰው መሆን አለበት። ወሰኑ በመንገዱ መሃል አይለፍ፤ በሕንጻዎቹ ጀርባ ይለፍ። መንገዱ መሃል ላይ ከተቆረጠ ማዶ ያለው ቆሻሻ በነፋስ ወደ እናንተ ይመጣል፣ መኪናውም ማዶ ይደረደራል። ከጀርባ ያሉትን ቅያሶችም አትርሱ። ዋናው ጎዳና ሲጸዳ ቆሻሻው፣ መኪናውና ኪስ አውላቂው የሚሸሹት ወደዚያ ነው።

ጽዳቱ በተግባር ምን ይመስላል?

በቀን ሦስት ዙር። ዋናው ጠረጋ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ሱቆች ሳይከፈቱ። ሁለተኛው ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ገደማ፣ ሦስተኛው ምሽት 12 ሰዓት ላይ፤ እነዚህ ሁለቱ ለቀማ እንጂ ጠረጋ አይደሉም። ሰው በሚበዛበት ሰዓት መጥረግ አቧራውን ወደ ሱቅ ዕቃ ያስገባል፤ ነጋዴው የሚማረረውም ከቆሻሻው ይልቅ በአቧራው ነው።

ትልቁ ስህተት የሱቆቹ ሰዓትና የቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ሰዓት አለመግጠሙ ነው። ሱቁ ምሽት 2 ሰዓት ከረጢቱን ደጅ ያወጣል፤ የሰፈሩ የቆሻሻ ሰብሳቢዎች ማኅበር ጠዋት 3 ሰዓት ይመጣል። በመሃል ያሉት 13 ሰዓታት የውሻና የፕላስቲክ ፈላጊ ናቸው፤ ከረጢቱ ይቀደዳል። ከሰብሳቢ ማኅበሩ ጋር የተጻፈ የሰዓት ስምምነት አድርጉ፤ ከረጢት ከዚያ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ብቻ እንዲወጣ በደንባችሁ ጻፉ። ይህ አንድ አንቀጽ ከአራት ጠራጊ ይበልጣል።

የጎርፍ ቱቦዎች በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ ይጠረጉ። መንገዱንና የጎርፍ መውረጃውን የሚመለከተው የመንገዶች ባለሥልጣን ነው፤ የፍሳሽ መስመሩ ደግሞ የውሃና ፍሳሽ። ማመልከቻ ወደ ተሳሳተው ቢሮ ሄዶ ክረምቱ ይገባልና ይህን ለይታችሁ ጻፉ። ቱቦውን የሚደፍነው ሃይላንድ ጠርሙስ ብቻ አይደለም። ምግብ ቤቶች ማታ የሚደፉት የዘይት እጣቢ ቀዝቅዞ ይረጋል፤ የቡና አተላ ይጣበቅበታል፣ ከዚያ ጠርሙሱ መጥቶ ይዘጋዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ምግብ ቤት የቅባት ማጣሪያ ጉድጓድ መኖሩን አረጋግጡ፤ ለጀበና ቡና ሻጮች ደግሞ ክዳን ያለው ባልዲ ስጧቸውና ቀጠናው ይሰብስብላቸው።

በምሳሌው ጎዳና ላይ 8 ጠራጊዎች በወር 8,000 ብር፣ አንድ ተቆጣጣሪ በ13,000 ብር ቢቀጠሩ፣ አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ ጡረታ ተጨምሮ የዓመቱ ወጪ 1,025,640 ብር ነው። ለጽዳት 1,500,000 ብር ከተመደበ ለመጥረጊያ፣ ለጋሪ፣ ለከረጢት፣ ለደንብ ልብስና ለውሃ 474,360 ብር ይቀራል። ሥራውን በውጭ ድርጅት ካሠራችሁ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ መኖሩን አትዘንጉ፤ በጀት ሲያዝ ተረስቶ በሦስተኛው ወር የሚጎድለው ገንዘብ ይኸው ነው።

ስንት ጥበቃ ያስፈልጋል?

አንድ የጥበቃ ቦታ ቀንና ሌሊት ሰው እንዳይለየው አንድ ወይም ሁለት ሰው አይበቃም። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት 48 ነው፤ ሲካፈል 3.5 ሰው ይመጣል። በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት፣ ሕመምና በዓላት ሲታሰቡ 4 ሰው በጭንቅ፣ 5 ሰው በምቾት ያስፈልጋል። ሁለት ሰው ቀጥሮ 24 ሰዓት በፈረቃ ማሠራት የተለመደ ቢሆንም ሕገ ወጥ ነው፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጥበቃው የሚተኛውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለት ቦታ በ10 ሰው፣ በወር 9,000 ብር ደመወዝና በ11 በመቶ ጡረታ ሲሰላ በዓመት 1,198,800 ብር ነው። ዝናብ ልብስ፣ ባትሪና ፊሽካ ሲጨመር 1,250,000 ብር ያዙ።

የቀጠና ጥበቃ ፖሊስ አይደለም። ማንንም በግድ አይፈትሽም፣ አይደበድብም፣ ዕቃ አይወርስም። እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሰው ወዲያው ለፖሊስ ያስረክባል፤ እሳት ካየ 939 ይደውላል። ዋና ሥራው መታየት፣ መመዝገብና ማሳወቅ ነው። ማታ የጠፋ አምፖል፣ የተከፈተ የቱቦ ክዳን፣ የተንጠለጠለ ሽቦ ያየበትን ሰዓትና የምሰሶ ቁጥር ይጽፋል፤ ተቆጣጣሪው ጠዋት ለሚመለከተው ያስተላልፋል። ‹አምፖል ከጠፋ ስንት ቀን ቆይቶ በራ?› የሚለው ቁጥር የቀጠናውን ጥንካሬ ከማንኛውም ሪፖርት ይበልጥ ይናገራል።

ሊስትሮዎች፣ ሎተሪ አዟሪዎችና የጎዳና ነጋዴዎችስ ይባረራሉ?

መባረር የለባቸውም። በዓለም ላይ ቀጠናዎች በጣም የተወቀሱት ድሃውን ከጎዳና በመግፋታቸው ነው፤ ወቀሳው ትክክል ነው። የእግረኛ መንገድ የሕዝብ ነው፤ ቀጠናው ለጽዳቱ ስለከፈለ ማን እንደሚራመድበት አይወስንም። የጎዳና ንግድን የሚመለከተው ደንብ የማስከበር ሥልጣን የከተማው ነው፣ የቀጠናው ጥበቃ እጁን ማስገባት የለበትም።

በሥራም ሲታይ ማባረሩ አይጠቅምም። ሊስትሮው ቀኑን ሙሉ አንድ ማዕዘን ላይ ተቀምጦ የሚያይ ሰው ነው፤ ከካሜራ ይሻላል። ቋሚ ቦታ፣ ወጥ የሆነ ሳጥንና ቀለሙ ንጣፉ ላይ እንዳይፈስ ከሥሩ የሚነጠፍ ምንጣፍ ይሰጠው። ቦታ ሲሰጥ ግን ቢያንስ ሁለት ሜትር ነጻ መተላለፊያ ይቅር፣ ቢጫው መስመርም አይሸፈን። በቀጠናው ቦርድ ስብሰባ ላይ አንድ ወኪላቸው ድምጽ ኖሮት ይቀመጥ። አዳዲስ ጠራጊዎችና ጥበቃዎች ሲቀጠሩም ቅድሚያ እዚያው ጎዳና ላይ ለሚውሉት ይሁን።

እኛ መጥረግ ስንጀምር ወረዳው ጠራጊዎቹን ቢያነሳብንስ?

ያነሳል፤ ካልተጻፈ በእርግጥ ያነሳል። የሰው ኃይል ያጠረበት ኃላፊ የጸዳ ጎዳና ሲያይ ሠራተኛውን ወደ ቆሸሸው ማዛወሩ ተፈጥሯዊ ነው። ያኔ የእናንተ ገንዘብ የከተማውን ሥራ ተካ እንጂ አልጨመረበትም፤ ነጋዴውም ለአንድ አገልግሎት ሁለት ጊዜ ከፈለ። ስለዚህ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለአንድ ወር ያህል ከተማው አሁን የሚሰጠውን ቁጠሩ፤ ስንት ጠራጊ፣ በስንት ሰዓት፣ መኪናው በሳምንት ስንት ጊዜ፣ ስንት መብራት ይሠራል፣ ስንት ፖሊስ ያልፋል። ሰንጠረዡን ከወረዳውና ከክፍለ ከተማው ጋር ተፈራረሙ፣ በየዓመቱ አድሱት። ኃላፊ ሲቀየር አዲሱ የመጀመሪያ ቀን የሚያየው ወረቀት ይሁን።

ገንዘቡን ማን ይይዘዋል?

ባንክ። በእጅ የሚሰበሰብ ብር አይኑር፤ በቴሌብር ወይም በባንክ ብቻ ይከፈል፣ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ይሰጥ። ለወጪ ከሦስት ፈራሚዎች ሁለቱ ይፈርሙ፤ ሦስቱም ከአንድ ሕንጻ አይሁኑ። ገቢና ወጪው በየወሩ በአንድ ገጽ ተጽፎ በጎዳናው ላይ ይለጠፍ። የቢሮና የአስተዳደር ወጪ ከበጀቱ 15 በመቶ ካለፈ ቀጠናው ለራሱ መኖር እንደጀመረ ቁጠሩት።

ክፍያውን በየትኛው ወር መሰብሰብ ይሻላል?

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቢጀምርም በሐምሌ አትሰብስቡ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የግብር ወቅት ነው፤ መስከረም ላይ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ይደረባል። በኅዳርና በግንቦት፣ በሁለት ጊዜ፣ ይሻላል። የኅዳሩ ለገና ገበያ ዝግጅት፣ የግንቦቱ ለቱቦ ጠረጋ ይደርሳል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ደመወዝ የሚከፈልበት የአራት ወር ገንዘብ ግን ከሰኔ በፊት ባንክ ውስጥ መኖር አለበት።

ጎዳናው ሲሻሻል ባለሕንጻው ኪራይ ቢጨምርብኝስ?

ስጋቱ እውነተኛ ነው። የኪራይ ጭማሪን የሚቆጣጠረው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤትን እንጂ የንግድ ቤትን አይመለከትም። ስለዚህ መከላከያው ውል ነው። ባለሕንጻው ወደ ቀጠናው ሲገባ፣ ክፍያውን ላልዘለለ ተከራይ ቢያንስ ለሦስት ዓመት የኪራይ ጭማሪው በውሉ ከተጻፈው እንዳያልፍ በጽሑፍ ይስማማ። ይህን የማይፈርም ባለሕንጻ ካለ ተከራዮቹ የክፍያውን ሙሉ ድርሻ በእሱ ላይ እንዲተዉት እንመክራለን።

ፈርሞ መክፈል ያቆመ ሰውስ ምን ይደረጋል?

መጀመሪያ ሂዱና ጠይቁት። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አንድ ያልተመለሰ አቤቱታ ነው፤ ደጁ ላይ የፈሰሰ ቱቦ፣ መግቢያውን የዘጋ መኪና። ሁለት ሳምንት ስጡና ያን ነገር ፍቱ። ከዚያ በኋላም ካልከፈለ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ በውሉ መሠረት ክስ። ስሙን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ግን አይገባም፤ ዕዳውን አያስከፍልም፣ ጎረቤትን ያቃቅራል።

ቀጠናው ቢፈርስ ወይም ዳግም ድምጹ ቢወድቅስ?

መተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ይጻፍ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ በመጀመሪያ የሠራተኞች ደመወዝ፣ ያልተወሰደ የዓመት ዕረፍት ክፍያና የሥራ ስንብት፣ ቀጥሎ የአቅራቢዎች ዕዳ፣ ከዚያ የተረፈው ብር በነጥብ ተከፋፍሎ ለከፋዮች ይመለሳል። ለዚህም በምሳሌው በጀት ውስጥ 250,000 ብር መጠባበቂያ በየዓመቱ ይያዝ። ጋሪዎቹ፣ የቆሻሻ ማጠራቀሚያዎቹና የመሣሪያ ሣጥኑ ለሰፈሩ የቆሻሻ ሰብሳቢዎች ማኅበር ይተላለፉ፤ የአምፖልና የቱቦ መዝገቡ ደግሞ ለወረዳው፣ በፊርማ።